ስለ አንድ ነገር የሚጽፍና ስለ ሁሉ የሚጽፍ

በኢምፔሪያል፥ የገርጂ ታክሲ ከሚጠበቅበት መንገድ ዳር፥ መጻሕፍት በክንዱ ላይ ቆልሎ የሚያዞር አንድ ወጣት ነጋዴ አለ። ቁልሉ ከወገቡ ተነሥቶ እስከ አገጩ ይደርሳል፤ ብልኀቱም ቁልሉን ሳያፈርስ የተጠየቀውን ከመካከል መዝዞ ማውጣት ነው። ባለፈው ወር ከትምህርት ስንመለስ ከዚሁ ቁልል ውስጥ ሁለት ወፋፍራም መጻሕፍት አንዱ ባንዱ ላይ ተጭነው አየን። የታችኛው በ1983 ዓ.ም. የታተመው የአቶ ተክለ ጻድቅ መኩሪያ «ዐፄ ምኒልክና የኢትዮጵያ አንድነት» ሲሆን፥ የላይኛው በ1984 ዓ.ም. የታተመው የአቶ ጳውሎስ ኞኞ «አጤ ምኒልክ» ነበረ። ስለ አንድ ንጉሥ፥ በአንድ ከተማ፥ በተከታታይ ዓመት የወጡ ሁለት መጻሕፍት ናቸው። የትኛው ይሻላል ብለን ብንጠይቀው ነጋዴው ጥቂት እንኳ ሳያመነታ «ያ ለሚማር ነው፤ ይኼኛው ለሚያነብ» ሲል መለሰልን።

መልሱ ለጊዜው አሳቀን፤ ኋላ ግን ከአሳባችን ሊወጣ አልቻለም። ምክንያቱም በዚያው ሳምንት በመጽሔታችን አዘጋጆች መካከል ከዚሁ ጋራ የሚመሳሰል ክርክር ተነሥቶ ነበርና ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። የከርሰ ምድር ጥናት ተማሪ የሆነ አንድ ጓደኛችን ስለ ቅኔ ሰምና ወርቅ አንድ ጽሑፍ አቀረበ። ከአዘጋጆቹ ግማሾቹ «የድንጋይ ተማሪ ስለ ድንጋይ ይጻፍ፤ ቅኔን ለቅኔ ቤት ልጅ ይተው» አሉ። ግማሾቹ ደግሞ «ጽሑፍ እንደ ርስት በአጥር የሚከለል አይደለም፤ ያየ ሁሉ ይጻፍ» ብለው ተከራከሩ። ክርክሩ በድምፅ ብልጫ ሊቆረጥ ሲል፥ ይህን የሚያህል ነገር እጅ በማውጣት ብቻ ከሚያልቅ ከእኛ በፊት የጻፉት ሰዎች እንዴት እንደጻፉ መርምረን እናቅርብ ብለን ቀን ተቀበልን። ይህ ጽሑፍ ያን ቀጠሮ ለመፈጸም የተዘጋጀ ነው።

አስቀድመን ስለ ጓደኛችን ጽሑፍ እውነቱን እንናገር። ጽሑፉ ስሕተት ነበረበት። ባለ ሁለት ቤቱን ጉባኤ ቃናና ባለ ሦስት ቤቱን ዘአምላኪየን አደባልቆ አንድ አድርጓቸው ነበር፤ ይህ ደግሞ በቅኔ ቤት ገና መንገድ የጀመረ ልጅ እንኳ የማይሳሳተው ነው። ነገር ግን በዚያው ጽሑፍ ውስጥ ከቅኔ ቤት ልጆች ሰምተነው የማናውቅ አንድ ነገር አገኘን። ጓደኛችን ማዕድን የሚያጠና እንደመሆኑ መጠን «ሰምና ወርቅ» የሚለውን ስም ከአንጥረኛው ሥራ ጀምሮ ተመለከተው። አንጥረኛው ጌጡን በመጀመሪያ በሰም ይቀርጻል፤ ሰሙን በሸክላ ጭቃ ይሸፍናል፤ በእሳት ሲያግለው ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ ወርቁም ሰሙ በተወው ባዶ ቦታ ይፈስሳል። እንግዲህ በአንጥረኛው ቤት ሰሙና ወርቁ ባንድ ጊዜ ባንድ ስፍራ አይገኙም፤ አንዱ የሚገባው ሌላው ሲወጣ ነው። በቅኔ ግን ሰሙ ከወርቁ ጋራ ይኖራል፤ ወርቁን ያገኘ ሰው ሰሙን አይጥለውም፤ እንዲያውም የሁለቱ አብሮ መኖር ነው የሚያስደስተው። ስለዚህ ስሙ ለነገሩ በከፊል ብቻ ይስማማል ማለት ነው። ይህን ለማየት እሳትና ማዕድን የሚያውቅ ዐይን አስፈልጓል። ስሕተቱንም ግኝቱንም ያመጣው ያው አንድ ነገር፥ ጓደኛችን ከደጅ የመጣ መሆኑ ነው። እኛም ክርክሩን ልንጨርሰው ያልቻልነው ስለዚህ ነበር።

የውጭ አገር ሊቃውንት በዚህ ጉዳይ ስለ ቀበሮና ስለ ጃርት የሚያመጡትን ምሳሌ እዚህ ላይ አናነሣም፤ የራሳችን የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ይበቃናል። በዚያ ሥርዓት ዕውቀት በቤት በቤት የተከፈለ ነው። ዜማ ቤት፥ ቅኔ ቤት፥ አቋቋም ቤት፥ መጻሕፍት ቤት አለ፤ መጻሕፍት ቤቱም ብሉይ፥ ሐዲስ፥ ሊቃውንትና መጻሕፍተ መነኮሳት ተብሎ በአራት ጉባኤ ይከፈላል። እያንዳንዱ ቤት የራሱ ማስመስከሪያ ስፍራ አለው። ድጓ ያጠና ሰው ወደ ቤተ ልሔም፥ ዝማሬና መዋሥዕት ያጠና ወደ ዙር አባ፥ አቋቋም የሚሻ ወደ ጎንደር ይሄዳል። የቅኔው መምህር ስለ ድጓ ምልክት ቢጠየቅ «ወደ ዜማው ቤት ሂድ» ቢል ነውር አይሆንበትም። ይህ ሁሉ ስለ አንድ ነገር ብቻ ለሚጽፈው ሰው የሚመሰክር ይመስላል።

ይሁን እንጂ ይኸው ሥርዓት አራቱንም ጉባኤ የጨረሰውን መምህር «አራት ዐይና» ብሎ ይጠራል፤ ከዚህም በላይ የሆነ የክብር ስም ለማግኘት ያስቸግራል። ታዲያ ሥርዓቱ የሚያከብረው ማንን ነው? እኛ እንደሚመስለን ጥያቄው በቤቶቹ ቁጥር የሚፈታ አይደለም። አራት ዐይና የሚባለው በአራት ደጅ አልፎ እጅ የነሣ ሰው ሳይሆን፥ በየቤቱ ዓመታት ቆይቶ፥ ኮቾሮውን ለምኖ፥ ትምህርቱን ከመምህሩ ፊት አስመዝኖ የወጣ ሰው ነው። በአራቱም ቤት በየተራው የአንድ ነገር ሰው ሆኖ ነበር። ዛሬ «ሁሉን ዐዋቂ» እያልን በፌዝ የምንጠራው ሰው ከአራት ዐይናው የሚለየው በቆየበት ጊዜ ርዝመት ነው። ይህን ልዩነት ይዘን ወደ አማርኛ ጸሐፊዎቻችን እንለፍ።

ከብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ የሰፋ የጽሕፈት እጅ የነበረው ሰው በዘመናቸው አልነበረም ቢባል ማጋነን አይደለም። በ1904 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የሚገኙትን መጻሕፍት ቍጥር የሚያስታውቅ ዝርዝር አወጡ፤ በ1915 ዓ.ም. «ወዳጄ ልቤ»ን በምሳሌ መልክ ጻፉ፤ የሕይወት ታሪክ መዝገብ አዘጋጁ፤ ስለ ጃፓን ጉዟቸው፥ ስለ ምክር፥ ስለ ነገሥታት ታሪክ፥ ኋላም ልብ ወለድ ጻፉ። ከዚህም በላይ ጎሐ ጽባሕ የተባለ ማተሚያ ቤት አቋቋሙ፤ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትርም ነበሩ። አንዳንድ ሰዎች ይህን ስፋት እንደ ጠባይ ወይም እንደ ተሰጥዎ ብቻ ይቈጥሩታል። እኛ ግን የዘመኑ ግዴታ ነው እንላለን። በአማርኛ የሚያነብ ሰው ጥቂት፥ የሚጽፍ ደግሞ ከጥቂትም ያነሰ በነበረበት ጊዜ፥ አንድ ጸሐፊ «ይህ የእኔ ክፍል አይደለም» ቢል የዚያ ክፍል ወንበር ባዶውን ይቀር ነበር።

ሆኖም ከሥራዎቻቸው የትኞቹ ዛሬም ጸንተው ቆመዋል ብለን ብንመረምር መልሱ ያው ለሁሉም አይሆንም። በ1925 ዓ.ም. የወጣው «አዲስ ዓለም» ውጭ አገር ተምሮ የተመለሰውን ወጣት ዐወቀን ከአገሩ ልማድ ጋራ ያጋጥመዋል። አሳቡ ብርቱ ነው፤ ዐወቀ ግን ብዙ ጊዜ የሚናገረው እንደ ሰው ሳይሆን እንደ ሰባኪ ነው፤ የሚቃወሙትም ሰዎች የሚሸነፉት በነገር አካሄድ ሳይሆን በደራሲው ፈቃድ ነው። በአንጻሩ የሕይወት ታሪኩ መዝገብ እጥር ምጥን ያለ፥ ደረቅ፥ ጌጥ የሌለው ጽሑፍ ሲሆን ያን ዘመን የሚያጠና ተመራማሪ ሁሉ እስከ ዛሬ ድረስ ሳይገልጠው አይውልም። ብላቴን ጌታ ሰው ያውቁ ነበር፤ መኳንንቱን፥ ሊቃውንቱን፥ የቤተ መንግሥቱን ሰው በዘርና በሹመት ለይተው ያውቁ ነበር። በብዙ ክፍል የጻፈ ሰው ሥራው በሁሉም ክፍል እኩል አይጸናም፤ የሚጸናው ብዙ ጊዜ በኖረበት ክፍል ነው። «ወዳጄ ልቤ»ን ግን ከዚህ ፍርድ ውጭ እናደርጋለን፤ እርሱ ስለ ራሱ ሌላ ጽሑፍ ያሻዋል።

ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ የዚህ ተቃራኒ ተደርገው ይጠቀሳሉ። የጻፉት ጥቂት ነው፤ ዕድሜያቸውም አጭር ነበር። «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የታተመው ከሞቱ በኋላ በ1916 ዓ.ም. ነው። የምጣኔ ሀብት ተማሪዎች ዛሬም ያን መጽሐፍ የሚያነቡት ለታሪክ ክብር ብቻ አይደለም፤ ጥሬ ዕቃ እየሸጠ በዕውቀት የተሠራ ዕቃ የሚገዛ ሕዝብ በያንዳንዱ ልውውጥ ድካሙን አሳልፎ እንደሚሰጥ የሚያስረዳው ክርክር ገና ስላልተዘጋ ነው። እንግዲህ አንድ ነገር ብቻ የጻፈ ሰው እንዲህ ይጸናል ተብሎ ሊደመደም ነው። ነገር ግን መጽሐፉን ገልጠን ብንመለከት ስለ ቀረጥ፥ ስለ ገንዘብ፥ ስለ ባቡር፥ ስለ ትምህርት፥ ስለ ጥንት ሕዝቦች ታሪክ ሁሉ ይናገራል። ወሰኑ እጅግ ሰፊ ነው። አንድ የሚያደርገው ጥያቄው ነው፤ ይኸውም አንድ ሕዝብ ስለ ምን ደኽይቶ ይቀራል የሚለው ነው። የድሬዳዋ ጉምሩክ ሰው በመሆናቸውም የዕቃውን መግባትና መውጣት በዐይናቸው አይተውታል። ከዚህ የምንማረው ጸሐፊን የሚሰበስበው የትምህርት ክፍል ስም ሳይሆን የያዘው ጥያቄ መሆኑን ነው። በነገራችን ላይ ነጋድራስም በ1904 ዓ.ም. «አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ» በሚል ርእስ ጽፈዋል፤ የኢምፔሪያሉ ነጋዴ ግን ይህን በቁልሉ ውስጥ አልያዘውም።

አሁን ወደ ሁለቱ ወፋፍራም መጻሕፍት እንመለስ፤ የጽሑፋችን ዋና ጉዳይ እነርሱ ናቸውና።

አቶ ተክለ ጻድቅ መኩሪያ በመንግሥት ሥራና በዲፕሎማሲ ያገለገሉ ሲሆኑ በብዕራቸው ግን ዕድሜያቸውን ሙሉ ከታሪክ አልወጡም። ከ1930ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ ያዘጋጇቸው የኢትዮጵያ ታሪክ መጻሕፍት በተከታታይ የወጡና ብዙ ትውልድ በትምህርት ቤት የተማረባቸው ናቸው። በ1966 ዓ.ም. የግራኝ አሕመድን ወረራ፥ በ1981 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስን፥ በ1982 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስን፥ በ1983 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክን አከታትለው አወጡ። የመጨረሻዎቹ ሦስቱ በርእሳቸው ላይ «የኢትዮጵያ አንድነት» የሚል ቃል አላቸው። ስለዚህ የምኒልክን መጽሐፍ የሚያነብ ሰው አንድ መጽሐፍ ሳይሆን የአንድ ረዥም ክርክር ሦስተኛ ክፍል እንደሚያነብ ማወቅ አለበት። የደራሲው ኀይል ከዚህ ይመነጫል። አንድ ሹመት ሲሰጥ ከዚያ በፊት ያ ግዛት በማን እጅ እንደነበረ፥ አንድ ውል ሲፈረም ከእርሱ በፊት የትኛው ውል እንደነበረ ያውቃሉ፤ አንባቢውን ነገሩ ከየት መጣ ብሎ እንዲጨነቅ አይተዉትም። ተማሪ ሊደገፍበት የሚችል መጽሐፍ ነው፤ ነጋዴው «ለሚማር» ያለው አልተሳሳተም።

ድካሙም የሚመነጨው ከዚያው ነው። አንድን አሳብ ለብዙ ዓመት የያዘ ሰው በመጨረሻ አሳቡ ይይዘዋል። በሦስቱ መጻሕፍት ውስጥ አንድነት የሚለው አሳብ እንደ ትልቅ ጥላ ተዘርግቷል፤ በጥላው ሥር ያልገባ ነገር ግን ደብዝዞ ይታያል። ገበያው፥ የባላገሩ ጓዳ፥ ግዛቱ በኀይል የተያዘበት ሰው ያሰበው አሳብ፥ የሠራተኛው ደመወዝ፥ የከተማው ሐሜት በሚገባቸው መጠን አልተጻፉም። የአረፍተ ነገሩም አካሄድ ከመማሪያ መጽሐፍ ልማድ ያልተላቀቀ ስለሆነ፥ ንጉሡ ምን እንዳደረጉ ዐውቀን ስናበቃ ንጉሡን ግን ያላየናቸው ይመስለናል።

አቶ ጳውሎስ ኞኞ በሌላ መንገድ የመጡ ሰው ናቸው። የመደበኛ ትምህርታቸው ከአራተኛ ክፍል እንዳላለፈ በሰፊው ይነገራል። ጋዜጠኛ፥ የልብ ወለድና የተውኔት ደራሲ፥ የ«አስደናቂ ታሪኮች» አሰባሳቢ፥ የጦርነት ታሪክ ጸሐፊ ነበሩ። ከሁሉ ይልቅ ስማቸው የገነነው በአዲስ ዘመን ጋዜጣ በ«አንድ ጥያቄ አለኝ» ዓምድ ነው። በዚህ ዓምድ አንባቢው የፈለገውን ይጠይቃል፤ መላሹም ይመልሳል። እንግዲህ እንዲህ ያለ ሥራ ስለ ሁሉ የመጻፍ የመጨረሻው ጫፍ ነው፤ ምክንያቱም ርእሱን የሚመርጠው ጸሐፊው እንኳ አይደለም። ደብዳቤው ከየት እንደሚመጣ፥ ነገ ምን እንደሚጠየቅ አይታወቅም። አደጋውም ግልጽ ነው። መልሱ በጥቂት መስመር ማለቅ ስላለበት «አላውቅም» የሚለው ቃል ቦታ ያጣል፤ ቀልድም የማስረጃን ወንበር ይወስዳል። ከዓምዱ መልሶች ሁሉ እኩል የሚታመኑ ናቸው ብሎ የሚከራከር ሰው አናውቅም።

ነገር ግን አንድ ሰው ለዓመታት የሕዝብን ጥያቄ ሲቀበል ሌላ ማንም የማያገኘውን ዕውቀት ያገኛል፤ ይኸውም ሕዝቡ ምን እንደማያውቅና ምን ማወቅ እንደሚፈልግ ነው። «አጤ ምኒልክ» የተጻፈው በዚህ ዕውቀት ነው። የጳውሎስ ምኒልክ የሚጽፉ፥ የሚያዝዙ፥ የሚቈጡ፥ ስለ ትንሹም ስለ ትልቁም የሚጠይቁ ሰው ናቸው። ደራሲው በየምዕራፉ ደብዳቤና አዋጅ እየጠቀሱ ንጉሡ በራሳቸው አንደበት እንዲናገሩ ያደርጋሉ። ስልኩ፥ መኪናው፥ ሆቴሉ፥ ወፍጮው ሲገባ ሕዝቡ እንዴት እንደተቀበለው እናያለን። ጭንቀታችን ያለው በማስረጃው አጠባበቅ ላይ ነው። የማኅተም ያለበት ደብዳቤና ከሽማግሌ አፍ የተሰማ ወሬ ባንድ ገጽ ላይ ባንድ ድምፅ ይነገራሉ፤ አንባቢው የትኛውን በሙሉ ልብ፥ የትኛውን በግማሽ ልብ መያዝ እንዳለበት ራሱ መለየት ይኖርበታል። የምዕራፎቹም አቀማመጥ እንደ ዓምዱ ነው፤ አንዱ ጥያቄ ተመልሶ ሲያልቅ ሌላው ይነሣል፤ መካከላቸው ድልድይ የለም።

እስከዚህ ድረስ ነጋዴው እንዳለው ሆነ፤ አንዱ ለተማሪ፥ አንዱ ለአንባቢ። ይሁን እንጂ ይህን ክፍፍል የሚያፈርስ አንድ ነገር አለ። አቶ ጳውሎስ በ1984 ዓ.ም. ካረፉ ከብዙ ዓመት በኋላ፥ በ2003 ዓ.ም.፥ ያሰባሰቧቸው የዐፄ ምኒልክ ደብዳቤዎች ራሳቸውን ችለው በመጽሐፍ ታተሙ። እነዚህ ደብዳቤዎች ዛሬ የታሪክ ክፍል ተማሪ ለመመረቂያ ጽሑፉ የሚደገፍባቸው ምንጭ ሆነዋል። ስለ ሁሉ ይጽፋል የተባለው ጋዜጠኛ ልዩ የታሪክ ሊቅ ሊሠራው የሚገባውን አድካሚና የማያስጨበጭብ ሥራ፥ ማለት ደብዳቤ በደብዳቤ የመገልበጥንና የማሰባሰብን ሥራ፥ ሠርቶት ተገኘ። አንድ ሰው በሺሕ ጉዳይ ላይ እየጻፈ ከነሺሑ ጉዳዮች ሥር አንዲት የሚመለስባት ጓዳ ሊኖረው ይችላል ማለት ነው። የጳውሎስ ጓዳ የምኒልክ የደብዳቤ ሣጥን ነበረች። ከልብ ወለዶቻቸው ይልቅ የምናከብራቸው ለዚህች ጓዳ ነው፤ ልብ ወለዶቻቸውን የሚወድዱ ሰዎች ይቅር ይበሉን።

አቶ ተክለ ጻድቅ በበኩላቸው ደብዳቤ ሳይሆን ክር ሰጡን። ክሩ ባይኖር ደብዳቤዎቹ የተበተነ ዶቃ ይሆኑ ነበር። የትኛው ይበልጣል ለሚለን ሰው፥ ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ የአቶ ተክለ ጻድቅን፥ ራሱ መመርመር ለሚፈልግ ሰው ግን ደብዳቤዎቹን አስቀድሞ እንዲያነብ እንመክራለን። ይህ ከነጋዴው ፍርድ ጋራ በቀጥታ ይቃረናል፤ «ለሚያነብ» የተባለው ወደ ተመራማሪው፥ «ለሚማር» የተባለው ወደ አንባቢው ዞረ።

ስለ አንድ ነገር ብቻ መጻፍ ምን ያህል ዋጋ እንደሚያስከፍል ለማየት ደግሞ ወደ መዝገበ ቃላት ቤት መግባት ያስፈልጋል። መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ የጀመሩትን የግእዝ መዝገበ ቃላት ደቀ መዝሙራቸው አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ በኢየሩሳሌም ተረከቡ። አለቃ ኪዳነ ወልድ በ1936 ዓ.ም. ሲያርፉ መጽሐፉ ገና አልታተመም ነበር። በአደራ የተቀበሉት አለቃ ደስታ ተክለ ወልድ በ1948 ዓ.ም. «መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ ወመዝገበ ቃላት ሐዲስ» በሚል ስም አሳተሙት፤ ከዚያም የራሳቸውን የአማርኛ መዝገበ ቃላት በ1962 ዓ.ም. አወጡ። ሦስት ሰዎች ዕድሜያቸውን ለአንድ ሥራ ሰጡ፤ ሁለቱ ፍሬውን ሳያዩ ሞቱ። ከእነዚህ መጻሕፍት በአንዱ ገጽ ላይ ቃል የፈለገ ሰው ይህ ሥራ በትርፍ ጊዜ ሊሠራ የሚችል እንዳልነበረ ወዲያው ይረዳል። ነገር ግን ሌላም ነገር ይረዳል። እዚያ ውስጥ የዕፅዋት ስም፥ የእርሻ ዕቃ፥ የሕግ ቃል፥ የምግብ ስም፥ የአገር ስም፥ የዜማ ምልክት ሁሉ አለ። የአንድ ነገር ሰው የተባለው መዝገበ ቃላት ጸሐፊ አገሩን በሙሉ በፊደል ተራ ማለፍ ግድ ሆነበት።

ከዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የማይነሣ የእንጀራ ጉዳይ አለ። የአንድ ነገር ጸሐፊ ከኋላው አንድ ነገር ያስፈልገዋል፤ ገዳም፥ ወይም መሥሪያ ቤት፥ ወይም ዩኒቨርሲቲ፥ ወይም አደራ የሚቀበል ደቀ መዝሙር። እነዚህ ከሌሉት ሥራው በሣጥን ይቀራል። የብዙ ነገር ጸሐፊ ግን የሚኖረው በአንባቢው ገንዘብና ትዕግሥት ነው፤ ስለዚህ አንባቢው ሲሰለች ርእስ መለወጥ ግድ ይሆንበታል። ዛሬ ጽሑፍ ከወረቀት ይልቅ በእጅ ስልክ መስታወት ላይ ሲነበብ ይህ ግዴታ እጅግ በርትቷል። በኢምፔሪያል የታክሲ ሰልፍ የቆመ ሰው ከገርጂ ሳይደርስ ስለ ውጭ ምንዛሪ፥ ስለ ስኳር በሽታ፥ ስለ አድዋና ስለ ፍቺ ያነባል፤ አራቱንም የጻፈው ያው አንድ ሰው ሊሆን ይችላል። ስለ አድዋ የተሳሳተው በሌላ ጽሑፍ ሊታረም ይችል ይሆናል። ስለ መድኀኒት የተሳሳተው ግን ሁልጊዜ አይታረምም። ከመካከላችን የአንዱ አክስት በእንዲህ ያለ ምክር የስኳር መድኀኒቷን ትታ ለሁለት ሳምንት ሐኪም ቤት ተኝታ ነበር። ጸሐፊው ማን እንደሆነ አልፈለግነውም፤ በማግሥቱ ስለ ቤት ኪራይ እየጻፈ ነበር።

ስለዚህ ለሁሉም ጉዳይ አንድ ሕግ ማውጣት አይቻልም። ሰው የሚጎዳበት ነገር ሲሆን የድንጋይ ተማሪው ስለ ድንጋይ ይጻፍ ያሉት ወገኖች ልክ ናቸው፤ ስለ መድኀኒት የሚጽፍ ሐኪም ወይም ከሐኪም ጋራ ተቀምጦ የተማከረ ሰው ይሁን። በቋንቋ፥ በታሪክ፥ በልማድና በኪነ ጥበብ ግን አጥሩን ከፍ ማድረግ የሚያስቀረው ስሕተትን ብቻ አይደለም፤ እንደ ጓደኛችን ያለውን ግኝትም ያስቀራል።

ለዚህ ከራሳችን ቤት ምሳሌ አለን። በ1940ዎቹ ዓ.ም. በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የነበረው የኢትኖሎጂ ማኅበር መጽሔት ማውጣት በጀመረ ጊዜ፥ ተማሪዎች የየትውልድ አገራቸውን ልማድ እየጻፉ ያቀርቡ ነበር። እነዚህ ወጣቶች በሙያው የሠለጠኑ ሊቃውንት አልነበሩም። ነገር ግን ስለሚጽፉት ሠርግና ልቅሶ ከማንም የውጭ አገር ፕሮፌሰር የተሻለ ያውቁ ነበር፤ አድገውበታልና። የትምህርት ክፍል የማይሰጠው ልዩ ዕውቀት አለ ማለት ነው። ለምሳሌ «ኢምፔሪያል» የሚለው ስም ከአንድ ሆቴል ተነሥቶ እንዴት የመንገድ፥ የታክሲ መቆሚያና የሰፈር ስም እንደሆነ፥ ከየት ተነሥቶ የት ላይ «ገርጂ» መባል እንደሚጀምር ማን ይጻፈው? የመልክአ ምድር ተማሪ ነው? የቋንቋ ተማሪ ነው? እኛ ከሁሉ አስቀድሞ የምናምነው በየቀኑ ከዚያ ተነሥቶ «ወራጅ አለ» የሚለውን ሰው ነው፤ ኋላ ግን የሆቴሉን ዕድሜና የመንገዱን ታሪክ ከሰነድ እንዲያጣራ እንጠይቀዋለን።

በዚህ መሠረት ለአዘጋጆቹ ያቀረብነው አሳብ አጭር ነው። ጸሐፊው ከየትኛው ክፍል መጣ የሚለው ጥያቄ ይቅር፤ በምትኩ በዐይኑ ያየውን፥ ከሰው የሰማውንና ከመጽሐፍ ያገኘውን ለያይቶ ይጻፍ፤ ደግሞም አንድ ጊዜ ጽፎ ወደ ሌላ ከሚዘል በአንድ ጥያቄ ላይ ቢያንስ ሁለት ጊዜ ይመለስ። የመጀመሪያው አሳብ ያለ ክርክር አለፈ። ሁለተኛው ግን «ተማሪ ሁለት ጊዜ የሚጽፍበት ጊዜ ከየት ያመጣል?» ተብሎ በብርቱ ተነቀፈ፤ እስከ ዛሬም አልተወሰነም።

የጓደኛችን ጽሑፍ ተመልሶለታል። የጉባኤ ቃናውን ስሕተት እንዲያርምና ስለ አንጥረኛው የጻፈውን እንዲያሰፋ ተነግሮታል። እርሱም በሰፈራችን ካለ ደብር አንድ የቅኔ መምህር ዘንድ ቅዳሜ ቅዳሜ መሄድ ጀምሯል። መምህሩ ስለ ሰምና ወርቁ አሳብ ሲነግራቸው ጥቂት ዝም ብለው «አንጥረኛ ቤት ገብተህ አይተሃል ወይስ አንብበህ ነው?» ሲሉ ጠየቁት። አንብቦ ነበር። አሁን አንጥረኛ እየፈለገ ነው።